በእኛ አቆጣጠር

ሐኪም ነኝ፤ የሰው ሙቀት እለካለሁ። ዱባይ ማሪና፣ አንድ ባለ ሃምሳ ሁለት ፎቅ ሕንፃ በር ላይ ቆሜ፣ በሚገባው ሰው ሁሉ ግንባር ላይ ያችን ሽጉጥ መሳይ መለኪያ እደግናለሁ። ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት፤ ይግቡ። ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት፤ ይግቡ። ከሠላሳ ሰባት ተኩል ካለፈ የጥበቃ አለቃዬን እጠራለሁ። እሱ ደግሞ ሐኪም ይጠራል።

በምንኖርበት የዲራ ሰፈር ከአልጋዬ በላይ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው ጎሹ ይህን ባነሳሁበት ቁጥር ይስቃል። የጎጃም ልጅ ነው፤ የዚያው ሕንፃ መስታወት ወልዋይ።

«ስድስት ዓመት ተምረህ ግንባር ላይ መተኮስ! ይህንንማ እኔም በግማሽ ቀን ሥልጠና እተኩሰዋለሁ» ይላል።

ክፉ ሰው አይደለም። ዶክተር ብሎ የሚጠራኝ አንዳንዴ ሊያሾፍብኝ፣ አንዳንዴ ከልቡ ነው። ወገቡን ያመመው ቀን ከልቡ ነው።

የተማርኩት ክሪሚያ ነው፤ ሲምፈሮፖል የምትባል ከተማ። ስገባ አገሩ ዩክሬን ነበር፤ ስወጣ ራሺያ ሆኗል። እኔ ከዚያው ማደሪያ፣ ከዚያው ሦስተኛ ፎቅ አልተንቀሳቀስኩም። የመጨረሻው ዓመት ላይ፣ መጋቢት ከመግባቱ በፊት፣ ልብሳቸው ላይ ምንም ምልክት የሌለባቸው ወታደሮች መንገዱን ሞሉት። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ ተባለ፣ ባንዲራው ተቀየረ፣ ዳቦ ቤቱ በአንድ ዳቦ ላይ በሁለቱ አገሮች ገንዘብ ሁለት ዋጋ ለጠፈ። ዓለም አላውቀውም አለ። ዓለም አላውቅም ሲል ግን መሬቱ ምንም አይሆንም፤ ወታደሩም ምንም አይሆንም። አለመታወቁ የሚያርፈው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀት የያዝነው ደግሞ እኛ ነበርን።

የውጭ አገር ተማሪዎችን ሰብስበው ምርጫ ሰጡን። ወይ በባቡር ወደ ዩክሬን ወገን ተሻግሮ የመጨረሻውን ፈተና እዚያ መፈተን፤ ወይ እዚያው ቀርቶ ከአዲሱ መንግሥት ዲፕሎማ መቀበል። ብዙዎቹ ሻንጣቸውን አንስተው ሄዱ። እኔ ቀረሁ። የቀረኝ ሦስት ወር ነበር። አዲስ ቦታ ብሄድ አንድ ዓመት ያስደግሙኛል ብዬ ፈራሁ፤ የእኔ አንድ ዓመት ማለት ደግሞ የሰኪና አንድ ዓመት ነው። ወረቀት ወረቀት ነው አልኩ። በምርቃቱ ቀን አዲሱ መዝሙር ሲዘመር ተነሥቼ ቆምኩ፤ ሁሉም ስለቆመ።

ሰኪና ታላቅ እህቴ ናት። ሻርጃ፣ አል ተዓውን፣ ሰው ቤት ትሠራለች። እኔ ኮምቦልቻ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ነው የሄደችው። የሲምፈሮፖልን በረዶ የረገጥኩት በእሷ ጉልበት ነው፤ ዛሬ ያ ጉልበት ደረጃ ሲወርድ ድምፅ ያሰማል።

ወደ አገሬ ስመለስ ወረቀቴን የሚያየው ሰው ሁሉ «የዩክሬን ነው የራሺያ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። የዩክሬን ነው ብል ማኅተሙ የራሺያ ነው። የራሺያ ነው ብል ቦታው የራሺያ አይደለም ይሉኛል። ሁለት ዓመት ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ተመላለስኩ። ከዚያ በሌላ ሰው መድኃኒት ቤት ቆሜ ሽሮፕ ሸጥኩ። ያመነኝ ሰው እንጂ ወረቀት አልነበረም፤ ሰውም ቢሆን ቆይቶ መጠራጠር ጀመረ፤ እኔም አብሬው። በመጨረሻ እህቴ ቪዛ ላከችልኝና መጣሁ። እዚህም እንደመጣሁ ለሐኪምነት ፈቃድ አመለከትኩ፤ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ተቀባይነት የለውም የሚል ምላሽ ደረሰኝ። የተመረቅህበት ዓመት የሚለውን ሳጥን የሞላሁት እኔው ነበርኩ፤ 2014።

እንግዲህ ኮሮና መጣ። አጅማን ያለ አንድ የግል ሆስፒታል ሐኪም ከየት ይምጣ ሲል ለጊዜው ብዙ ነገር አቀለለ። የተረጋገጠ ትርጉም ካለህ በቂ ነው፤ ዋናውን ዲፕሎማ ሥራ ስትጀምር ታሳያለህ አሉ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ትቼው ነበር። እየጎተተ የወሰደኝ ጎሹ ነው፤ ዲራ ወዳለው የታይፒንግ ቤት፣ ቢልቂስ ጋ። ቢልቂስ ደሴ ያደገች ልጅ ናት፤ ለሰው ቅጽ ስትሞላ ነው የምትውለው። ወረቀቶቼን ጥዬላት ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ደወለች።

«ዶክተር! ተቀብለውሃል! ረቡዕ አጅማን ኢንተርቪው አለህ፣ ዋላሂ!»

ከሥራ ስወጣ በሜትሮ በቀጥታ እሷ ጋ ሄድኩ። የታተመውን ወረቀት በፕላስቲኩ መጋረጃ ሥር አሾለከችልኝ። ስሜ ሙሐመድዘይን፣ ልክ ነው። ከተማው ልክ ነው። ከሥሩ፣ የተመረቀበት ዓመት፣ 2006።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ዓመቱ።»

«ትርጉምህ ላይ ያለውን ነዋ የጻፍኩት።»

ትርጉሙን አወጣሁ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሽማግሌ ከሩሲያኛ ወደ አማርኛ፣ ሌላው ደግሞ ከአማርኛው ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ወረቀት ነው። የመጀመሪያው ሽማግሌ ጠንቃቃ ሰው ስለነበሩ ቀኑንም ወደ እኛው መልሰውታል፤ ሰኔ 2006። ሁለተኛው እንዳለ አሳልፎት፣ አጠገቡ በደቃቅ ፊደል «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ አክሏል።

«ይህችንስ ለምን ተውሻት?»

«ሳጥኗ ከአራት ቁጥር ሌላ አትቀበልማ!» አለች። ከዚያ ነገሩ ገባት። እጇን ከማስኩ ላይ ጫነች። «ውይ በሞትኩት። በፈረንጅ ሆኖ ተነቧል። ላርመው እንዴ?»

2006 በፈረንጅ። ወታደሮቹ ሳይመጡ፣ ባንዲራው ሳይቀየር፣ ማንም ምንም ሳይክድ ስምንት ዓመት ቀድሞ። ለዚያ ነው ያሳለፉኝ። አገሩ ከተወሰደ በኋላ የተመረቅሁትን እኔን ጥለው፣ ከመወሰዱ በፊት የተመረቀ ሌላ ሰው ተቀብለዋል፤ በስሜ።

«ተዪው» አልኳት።

«እኔ አላየሁም፣ አንተም አላየህም። ኸላስ፣ አለቀ።»

ጎሹ ማታ በጣቱ ሲቆጥር ቆየና ከላይኛው አልጋ አንገቱን አስግጎ፣ «ስማ፣ በፓስፖርትህ ዕድሜ በዐሥራ ስድስት ዓመትህ ነው ሐኪም የሆንከው። እናትህ ምን አጥብታህ ነው?» አለኝ።

በማግስቱ አል ተዓውን ሄድኩ። ሰኪና ከመጋቢት ጀምሮ ከቤት አልወጣችም፤ አሠሪዋ ማዳም በሽታ ታመጪብኛለሽ ብላ ከልክላታለች። ስለዚህ የምንገናኘው እንዲህ ነው፤ እኔ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ እሷ ስድስተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ ልብስ እያሰጣች፣ ስልክ በጆሯችን።

«ከስተሃል» አለችኝ።

«ከዚያ ላይ ይታያል?»

«ራስ ቅልህ ይታያል። አውርደህ አሳየኝ እስቲ፣ ማስኩን።»

ማስኬን አወረድኩላት። ከዚያ ነገርኳት፤ ስለ ሆስፒታሉም፣ ስለ ዓመቱም። የጭንቀቴ ምክንያት ይገባት እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩ።

«ታዲያ ልክ አይደለም እንዴ?» አለች። «ሰኔ 2006 ነው የጨረስከው። ዜናው ሲደርሰኝ ሩዙን አሳርሬ ማዳም የጮኸችብኝ ጊዜ ነው። መቼም አልረሳው።»

«በእኛ እኮ ነው እታለም። እነሱ በፈረንጅ ነው ያነበቡት።»

«እና በፈረንጅ አንብቡልኝ ብለሃቸዋል?»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። አንድ የትራስ ጨርቅ አራግፋ ሰቀለች።

«ማዳም አዲሱን ኮንትራት ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ለጥፋዋለች» አለች። «ሁለት ዓመት። ወተት ባወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ። እስከ ረቡዕ ማታ ካልፈረምሽ ሌላ ሰው አመጣለሁ ብላኛለች። ዘይኔ፣ ረቡዕ ሥራውን ካገኘህ አልፈርምም። አገሬ እገባለሁ። ጉልበቴ ኸላስ ብሏል። ካላገኘህ ግን ሁለታችንም አሁን በምታገኘው ደመወዝ አንኖርም።»

«አገኛለሁ» አልኳት።

ሐምሌ ስምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የጎሹ ጓደኛ በመኪናው አጅማን አደረሰኝ። ኢንተርቪው የሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ የመድኃኒት ካርቶን በተደረደረበት ክፍል ነበር። ጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ሐኪም ከእኔ ዐሥር ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ፀጉሩ ግን ሸብቷል፤ ማስኩ አፍንጫው ላይ ቁስል አበጅቶበታል። ደረቱ ላይ ዶክተር አብዱሰላም ይላል። ፎርሜን አንሥቶ አነበበ፤ እንደገና አነበበ፤ ከዚያ በሩሲያኛ፦

«ሲምፈሮፖል!» አለኝ። «አንተ ሰው! እኔም እኮ እዚያው ነኝ። ሶርያዊ ነኝ። እኔም የ2006 ምሩቅ ነኝ!»

ማስኬን ወደ ላይ ሳብኩ።

«እንዴት አላውቅህም?» አለ።

«ብዙ ሰው ነበር፣ ዶክተር።»

«ሐበሻ ግን አላስታውስም።» ራሱን ነቀነቀና ራሱ መውጫ ሰጠኝ። «ግድ የለም። ያን ዓመት ናላዬ በአንዲት ሴት ዞሮ ነበር፤ ከእሷ በቀር ማንንም አላየሁም። አግብቻታለሁ። የክሪሚያ ታታር ናት፤ የዚያው አገር ልጅ።»

ስለ አናቶሚው መምህር ጠየቀኝ፤ ስማቸውን ነገርኩት፤ እኔንም አስተምረውኛል። የማደሪያውን ጠባቂ አሮጊት ጠየቀኝ፤ ድመቷን ጭምር ነገርኩት። በጣም ደስ አለው። ሩሲያኛ ከተናገረ ዓመታት እንዳለፉት ያስታውቃል። እኔም ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ያን ከተማ ከሚያውቅ ሰው ጋር ከተቀመጥኩ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ከዚያ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ያሉትን ሦስት ፋይሎች በጣቱ መታ።

«እነዚህን ታያለህ? ሦስቱም የዚያው ትምህርት ቤት ምሩቆች ናቸው፤ ከ2014 በኋላ። የጤና መሥሪያ ቤቱ ሳይመልሳቸው እኔው ውድቅ አድርጌ እመልሳቸዋለሁ። የሚስቴ አባት አምና ሞቱ። አልሄደችም። ለመግባት የእነዚያን ሰዎች ማኅተም ፓስፖርቷ ላይ ማስመታት ነበረባት፤ አይሆንም አለች። አባቷን በቪዲዮ ነው የቀበረችው። እሷ የአባቷን ቀብር የተወችለትን ማኅተም እነዚህ ልጆች ለወረቀት ብለው ተሰልፈው ወሰዱት።»

ሦስቱን ፋይሎች አየኋቸው።

«አገር ሲዋጥ አይተህ አታውቅም፤ እናንተ አልተዋጣችሁም» አለኝ።

ኮምቦልቻ፣ የታሪክ መምህራችን ትዝ አሉኝ። ስለ ኤርትራ ሲያስተምሩን «ከዚያ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ» ብለው በአንድ መስመር አልፈው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ሄደው ነበር። ማን እንዳፈረሰው የጠየቀ ልጅ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

«አንተ ግን ቀድመህ ወጥተሃል» አለ ዶክተር አብዱሰላም፣ ብዕሩን እያወጣ። «አንተ የምታውቃት ደኅናዋን ከተማ ነው። የባቡር ጣቢያው ሰዓት ትዝ ይልሃል? ያ ማማ? ሚስቴን አግቢኝ ያልኳት ከሥሩ ቆሜ ነው።»

«እንዴት አይለኝም» አልኩ። «ሁለት ሰዓት ወደፊት የገፉት ጊዜ፣ በማግስቱ ጠዋት ማደሪያው በሙሉ ክፍል አርፍዶ...»

አቆምኩ። ብዕሩም ቆመ።

ሰዓቱን ወደ ሞስኮ ሰዓት የገፉት አገሩ በተወሰደበት ወር መጨረሻ ነው። ይህን እዚያ የነበረ ሁሉ ያውቃል፤ እዚያ ያልነበረም ያውቃል፤ ሚስቱ ታታር የሆነች ሰውማ አይጠየቅም። አፌ አምልጦኝ ይሁን ወይስ ፈልጌ፣ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

«አንተ በዚያ ጠዋት እዚያ ነበርክ» አለ።

«ነበርኩ።»

ትርጉሙን አውጥቼ ደቃቋን ጽሑፍ አሳየሁት። ስለ አቆጣጠራችን፣ ስለ ሳጥኗ፣ ስለ ቢልቂስ ነገርኩት። ሲያዳምጥ ቆየ።

«ስንት ዓመት ወደኋላ ናችሁ?»

«ሰባት፤ አንዳንዴ ስምንት።»

አንዴ ሳቀ፤ ከማስኩ ሥር እንደ ሳል ወጣበት። ከዚያ ዓይኖቹን አሻሸ።

«ለምን ቀረህ? ሌሎቹ ሲሄዱ?»

ስድስት ዓመት ሙሉ በየቢሮው የተጠየቀው ወረቀቴ ነበር፤ እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ይህ የመጀመሪያው ነው። ሦስት ወር ቀርቶኝ ስለነበር አልኩት። ስለ ሰኪናም ልነግረው ፈለግኩ፤ ነገር ግን ምክንያት የምደረድር መሰለኝና ተውኩት። ዛሬ ሳስበው መናገር የነበረብኝ እሱን ብቻ ነበር።

ፎርሙንና ብዕሩን ወደኔ ገፋቸው።

«ስማኝ፤ ትናንት ሁለት ነርሶች ታመው ወድቀውብኛል። ሐኪም ያስፈልገኛል። ዓመቱ እንዳለ ከሆነ እፈርማለሁ፤ ዋላሂ እፈርማለሁ፣ ማንም አይጠይቅህም። ማታ ቤቴ ስገባ ለሚስቴ ምን እንደምላት የእኔ ችግር ነው። ካልሆነ አንተው በእጅህ አርመው። እኔ አልነካውም።»

ብዕሩን አነሣሁ። ምንም ባላደርግ ይበቃ ነበር። መልሼ አስቀምጬ «ይፈርሙ» ማለት ብቻ። እሱ ግን እያየኝ ነበር፤ ቅድም ወንድሙን እንዳገኘ ሰው ሲያየኝ በነበረው ዓይን። ያ ዓይን እንዲመለስልኝ ፈለግኩ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። 2006ን በአንድ መስመር ሰርዤ ከላዩ 2014 ጻፍኩ።

ወረቀቱን ተቀበለኝ። አላመሰገነኝም፤ አልተቆጣኝም። ከሦስቱ ፋይሎች ላይ ደርቦ አስቀመጠው፤ አራት ሆኑ።

«አላህ ይርዳህ» አለኝ በዐረብኛ። ሩሲያኛችን በዚያው አበቃ።

ከአጅማን ወደ ዱባይ ሲኬድ አል ተዓውን መንገድ ላይ ነው። መኪና ማቆሚያው ላይ ወረድኩ። ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀልጣል። ደወልኩላት፤ ወዲያው ወጣች፤ የሚሰጣ ልብስ እንኳ አልያዘችም።

«እሺ?» አለች።

ነገርኳት። ምንም አልደበቅኩም፤ የብዕሩን ነገር ጭምር። ከስድስተኛ ፎቅ ፊቷ አይታይም፤ የሻሿ ቢጫ ብቻ ነው የሚታየው።

«በእጅህ?» አለች።

«በእጄ።»

«ፈርምልኝ ብትለው ይፈርም ነበር?»

«ይፈርም ነበር።»

«የሰውየውን ሚስት ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም እታለም።»

«ለማታውቃት ሴት አዘንክ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። ቢል ይሻለኝ ነበር። «ሰኔ 2006 ልክ ነበረ። እኔ የማውቀው ቀን ነው። እናታችን የምታውቀው ቀን ነው። በእኛ ልክ የሆነውን በእነሱ አበላሽቶ ማረም ከየት ተማርክ? እኔ ነኝ ያስተማርኩህ፤ ይህንን አላስተማርኩህም።»

«ውሸት ይሆን ነበር» አልኩ።

«ለማን?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ዓለም አላወቀውም ትለኝ ነበር፤ ያን አገር» አለች። «ስታለቅስ ነበር በስልክ። አላወቁትም፣ አላወቁትም እያልክ። እኔ ዐሥራ አራት ዓመት እዚህ ቆሜያለሁ ዘይኔ። አንተስ አወቅከኝ?»

«እታለም...»

«ቆይ፤ አትዝጋው።»

ወደ ውስጥ ገባች። ስልኩ ክፍት ነው። የጫማዋ ሸርተት ሸርተት፣ የሕፃን ቴሌቪዥን፣ ከዚያ የማዳም ድምፅ ከሩቅ፣ «ያላ ሰኪና» ሲል ተሰማኝ። ማግኔቱ ከማቀዝቀዣው በር ሲላቀቅ ቀጭ አለ። ወረቀት ተንኮሻኮሸ። የማዳምን ልጅ እስክሪብቶ ስትጠይቀው ሰማሁ፤ በዐረብኛ፣ ልጅ በሚባበልበት ድምፅ።

ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰች።

«ከፊርማው አጠገብ ቀን ጻፊ ይላል» አለች። «ዛሬ ስንት ነው?»

«ሐምሌ ስምንት።»

«የኛንማ አውቀዋለሁ። የነሱን ንገረኝ።»

ፀሐዩ ውስጥ ቆሜ ነገርኳት።